ግብሩ የማን ነው? የአዋቂዎች መዝናኛና የሽያጭ ታክስ በመተማ ዮሐንስ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ርእስ የተወለደው ከሳቅ ነው። ባለፈው ዓመት በታክስ ሕግ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ የመተማ የሌሊት ቤቶች የሽያጭ ታክስ መክፈል አለባቸው?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን በዚያ ሴሚስተር ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ እርሱ እንደ ነበረ ገባኝ። በሳቅ ያለፍሁትን ጥያቄ ዛሬ በወጉ ለመመለስ እሞክራለሁ። ጠያቂው ተመርቆ ሄዷል፤ ዕዳው ግን በእኔ ላይ ቀርቷል።

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። «የአዋቂዎች መዝናኛ» የሚለው ሐረግ በቋንቋችን ቤተኛ አይደለም። እኛ እንዲህ ያለውን ንግድ የምንጠራው በሚሸጥበት ስፍራ ነው፤ ጠጅ ቤት፣ አረቄ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ናይት ክለብ እንላለን። በምሽት ቡና ቤት ውስጥ ቡና የሚጠጣ ሰው ፈልጋችሁ ማግኘት እንደሚያስቸግራችሁ ታውቃላችሁ። «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው ስምም ስለ ሥራው አንድ ነገር አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ አዳሯ ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ በጨዋነቱም አላፍርም። የታክስ ሕግ ግን በጨዋነት አይሠራም። ምን ተሸጠ፣ ማን ሸጠ፣ በስንት ሸጠ ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። በቃላችን የሸፈንነውን ነገር የታክስ ሰብሳቢው መዝገብ ይገልጠዋል።

በሌላው ዓለም ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል። በኒውዮርክ ግዛት በአልባኒ ከተማ አቅራቢያ ያለ አንድ የእርቃን ዳንስ ቤት፣ የቲያትርና የሙዚቃ ጥበብ ትርኢት መግቢያ ከሽያጭ ታክስ ነጻ ስለ ሆነ የእኛም ዳንስ ነጻ ይሁን ብሎ ተከራከረ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በ4 ድምፅ ለ3 ክርክሩን ውድቅ አደረገ። የተለዩት ዳኞች፣ መንግሥት አንዱን ዳንስ ጥበብ፣ ሌላውን ተራ ብሎ የመለየት ሥልጣን ከየት አመጣ ሲሉ ጻፉ። የቴክሳስ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 እርቃን ትርኢትና መጠጥ አብረው በሚቀርቡበት ቤት በእያንዳንዱ ገቢ ሰው 5 ዶላር ጣለ፤ ከገንዘቡም ከፊሉን ለወሲባዊ ጥቃት ተጎጂዎች መርጃ መደበ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2011 ክፍያውን አጸደቀው።

እነዚህ ክርክሮች እንዳሉ ወደ እኛ ቢመጡ መሬት አይነኩም። ሕጋችን ከሽያጭ ታክስ ነጻ ካደረጋቸው አገልግሎቶች መካከል የሃይማኖት፣ የትምህርት፣ የሕክምናና የገንዘብ አገልግሎት ይገኛሉ፤ ጭፈራ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚያከራክር በር ግን አልተከፈተም። የብልግና ትርኢትማ በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ነው። ስለዚህ የእኛን ጥያቄ በገዛ ስፍራው ሄደን ልንፈልገው ይገባል። ለእኔ ያ ስፍራ መተማ ዮሐንስ ነው።

ከአዘዞ ተነሥታችሁ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጋችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ መንገዱ የሚያበቃው በድንበሩ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ገላባት፣ ሱዳን ናት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው ካለፈው ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የተክሩሪዎች ታላቅ ገበያ ሳለች ሹሞቿ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ እንደ ነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ሁለት ጊዜ መገበር ለዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የመተማ የሌሊት ንግድ በሁለት ምንጮች ሲመገብ ኖሯል። አንዱ ሰሊጥ ነው። በክረምት ለአረም፣ በመኸር ለአጨዳ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ በእርሻው መካከል የሚቀር፣ በዚያው አካባቢ «ሳሉግ» የሚባል ሠራተኛም አለ። ደመወዙ በእጅ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ የሚከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ሲያልቅ በአንድነት ነው። የወራት ላብ በአንድ ቀን በአንድ ወጣት ኪስ ይገባል፤ ከእርሻው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የበራ መብራት ደግሞ የመጠጥ ቤት መብራት ነው። ሁለተኛው ምንጭ ድንበሩ ነው። በሱዳን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግ ካወጀ ወዲህ መጠጥ ተከለከለ፤ በ2020 የተደረገው ማሻሻያም የፈቀደው ሙስሊም ላልሆኑት ብቻ ነው። ስለዚህ ቢራ የፈለገ የገላባት ሰው ድልድዩን ይሻገር ነበር። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ድልድዩን የስደተኞች መሸጋገሪያ አደረገው፤ በክልላችን የተፈጠረው ግጭትም መንገዱን ደጋግሞ ዘጋው። ስለ ገበያው የምናገረው አንዳንዱ ነገር ያለፈ ጊዜ ግሥ የሚሻው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታውጆ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተካ። ለመመዝገብ ለማይደርሱት ትናንሽ ነጋዴዎች በአዋጅ ቁጥር 308/1995 ተርን ኦቨር ታክስ ወጣ፤ በዕቃ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ፣ ከጥቂቶች በቀር በአገልግሎት ላይ 10 በመቶ። በግለሰብ ነጋዴዎች ላይ የትርፍና የሽያጭ ግብር የመጣል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልል የተሰጠ ነው። ሕጎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ የተጨማሪ እሴት ታክሱም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል። እኔ ዛሬ የምነካው ሥር ያለውን ሐሳብ ነው።

በዚህ ሐሳብ መሠረት የተማሪዬ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሕጉ ነጻ ያላደረገው አገልግሎት ሁሉ ይከፍላል፤ መዝናኛ ነጻ አልተደረገም፤ እንግዲህ ይክፈል። የሮሙ ቬስፓስያኖስ በሽንት ቤት ላይ ግብር ሲጥል ልጁ ቢጸየፍ፣ ሳንቲሙን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ይሸታል ወይ እንዳለው ይነገራል። መንግሥታችንም ቢሆን አፍንጫውን ይዞ አያውቅም። በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 767 በጫት ላይ ኤክሳይስ ታክስ ሲጥል ጫትን መባረኩ አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው «አገልግሎቱን የሸጠው ማን ነው?» ስንል ነው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ለራሷ ብላ ይህን ሥራ ብትሠራ ሥራው በራሱ ወንጀል አልተደረገም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ነው፤ በሌላ ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚተዳደረውን፣ ለዚሁ ተግባር የሚውል ቤት ይዞ ጥቅም የሚያገኘውን። አሁን በአምስተርዳም የተነሣን አንድ ክርክር አስታውሱልኝ። አንድ የካናቢስ ካፌ በቤቱ ውስጥ ለሻጩ ጠረጴዛ ያከራይ ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999፣ ካናቢሱ ሕጋዊ ገበያ ስለሌለው ታክስ አይከፈልበትም፤ የጠረጴዛው ኪራይ ግን ተራ ንግድ ነውና ይከፈልበታል ብሎ ወሰነ። በእኛ አገር ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። የሚሸጠው ነገር አያስቀጣም፤ የሚያስቀጣው «ጠረጴዛውን» ማከራየት ነው። በቀላሉ የሚታየው፣ የንግድ ፈቃድ ያለው፣ በር የሚንኳኳበት ግን ጠረጴዛ አከራዩ ነው። ሕጋዊዋ ሴት ለግብር ሰብሳቢው አትታይም፤ የምትታየው ባለቤት ደግሞ ከገቢዋ አንዱ ክፍል ለዐቃቤ ሕግ እንጂ ለግብር ሹም የሚነገር አይደለም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ስፈልግ፣ በዚያው የቆላ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ለሁለት ወር የግብር ገማች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ መተማ እንዳልነበረች ብቻ ልንገራችሁ። ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት፤ ሁሉም በራሳቸው መንገድ ደጎች ነበሩ። መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ስላልነበረ ሥራችን ቤት ለቤት እየዞሩ የቀን ገቢ መገመት ነበር። ለሱቅ መደርደሪያውን እናያለን፤ ለወፍጮ ሞተሩን እንሰማለን። ለመጠጥ ቤት ግን የኮሚቴው መለኪያ ሌላ ነበር። ሰብሳቢው በበሩ ቆመው፣ «ስንት ሴት አላት?» ይላሉ። አንዱ አባል ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ «አምስት» ይላል። እኔም በቅጹ ላይ 5 ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ሴት ካለበት ቤት አምስት ያለበት ቤት የበለጠ ይሸጣል የሚለው ግምት ከገበያ አንጻር ስሕተት አልነበረም። ያን ጊዜ እንዲያውም ብልሃት መስሎኝ ነበር። ወንበር እንደ መቁጠር ቈጠርናቸው፤ ማንም ሰው ስማቸውን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ግምቱ ከተለጠፈ ከሳምንት በኋላ ከእነዚያ ቤቶች በአንደኛው ምሳ ስበላ አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ወንድሜ፣ አንተ ጻፊው አይደለህ?» አለችኝ። ነኝ አልኋት። «እትዬ ግብር መጣብኝ ብለው ከየአልጋው ጨመሩብን። ከማታ ማታ እየቈረጡ ነው የሚይዙት። ግብሩን የምከፍለው እኔ፤ ደረሰኙ የሚጻፈው በእትዬ ስም። ይህ እንዴት ነው?» መልስ አልነበረኝም። ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኋት።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን «የታክስ ጫና ማረፊያ» በሚል ርእስ ትማሩታላችሁ፤ ግብሩን ለመንግሥት የሚያስረክበው ሰውና ግብሩ የሚያርፍበት ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሁለት አቅርቦትና ፍላጎት መስመሮችን ስላችሁ ሦስት ማዕዘን ታጠቍራላችሁ። ሴትዮዋ ሦስት ማዕዘኑን ያለ ሥዕል ነገረችኝ። የሽያጭ ታክስ በንድፈ ሐሳብ የሚያርፈው በገዥው ላይ ነው። ገዥው ግን ሌላ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ በሰላሙ ጊዜ ድልድዩን ተሻግሮ የሚመጣው እንግዳ ጭራሹን ሊቀር ይችላል። ባለቤቷም ቢሆን ንግዷን ወደ ተራ ምግብ ቤት መለወጥ ትችላለች። መሄጃ የሌላት አንዷ ናት። ጫናውም እርሷ ላይ አረፈ። መተማ ለሁለት ጌታ ትገብር ነበር ያልኋችሁን አሁን አስታውሱት፤ እርሷም ለቤቱ የአልጋ፣ በቤቱም በኩል ለመንግሥት ትገብር ነበር።

ከግብር ነጻ ይሁን የሚሉትን ወገኖች ክርክር አቅልዬ አላየውም። መንግሥት ከኃጢአት ድርሻ መውሰድ የለበትም ይላሉ። ታሪክም ይደግፋቸዋል። ሮማዊው ካሊጉላ በዝሙት አዳሪዎች ላይ ግብር ጣለ፤ ግብሩም ክርስቲያን በሆኑ ነገሥታት ዘመን ሳይቀር ቀጠለ። የቍስጥንጥንያው አናስጣስዮስ በ498 በነጋዴዎችና በእነርሱ ላይ ይሰበሰብ የነበረውን ግብር ሲሽር፣ ተመልሶ እንዳይመጣ መዝገቡን አቃጠለ ይባላል። መዝገቡን ማቃጠሉ ይገርመኛል፤ ግብር አንዴ ከተጻፈ መንግሥት በቀላሉ እንደማይተወው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር እስከ መጨረሻው ከሄደ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋ ግብር እየከፈለች ሙዚቃ ከፍቶ ሌሊቱን ቢራ የሚቸበችበው ባለጸጋ ነጻ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጽድቅ መቀበል ያስቸግረኛል።

በሌላ ጫፍ ደግሞ በእነዚህ ቤቶች ላይ የተለየ፣ ከፍ ያለ ታክስ ይጣል የሚሉ አሉ፤ የቴክሳስን መንገድ መሆኑ ነው። ዓላማው ልማዱን መቀነስና ገንዘቡን ለጤና ማዋል ነው። ቆላው በኤች አይ ቪና በካላዛር ምን ያህል እንደ ተጎዳ ለማውቅ ለእኔ ሐሳቡ ይማርካል። ሁለት ነገር ግን ያግደኛል። አንደኛ፣ በቢራው ላይ ኤክሳይስ ታክስ ከፋብሪካው ጀምሮ ተከፍሏል፤ ጠጪው ሳያውቀው የኃጢአቱን ዋጋ ከፍሎ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛ፣ የሚከፍለው ማን ነው? የሰሊጥ አጫጁ ነው። ከኪሱ የሚወጣው ተጨማሪ ብር ለደጋው ቤተሰቡ ይላክ ከነበረው የሚቀነስ ነው። «ይቅርበታ!» ትሉኝ ይሆናል። ሃያ ዓመት የሞላው፣ ቤተሰቡን ለወራት ያላየ ልጅ በ10 ብር ጭማሪ ይቀርበታል ብላችሁ ካመናችሁ ከእኔ ይልቅ ባለ ተስፋ ናችሁ።

እንግዲህ የእኔ አቋም ምንድን ነው? ቤቱ በግልጽ በሚሸጠው ሁሉ፣ በመጠጡ፣ በምግቡ፣ በሙዚቃ መግቢያውና ለማንኛውም መንገደኛ በሚያከራየው አልጋ፣ እንደ ማንኛውም ሆቴል በእኩል መጠን ይክፈል፤ ደረሰኝም ይቍረጥ። አንድ ሳንቲም አይቀነስለት፤ አንድ ሳንቲምም አይጨመርበት። ግምት ካስፈለገ ደግሞ መለኪያው ሣጥን ይሁን። ቢራ ወደ መተማ የሚገባው በታወቀ መንገድ፣ በታወቀ መኪና፣ በታወቀ አከፋፋይ ነው፤ ስንት ሣጥን ለየትኛው ቤት እንደ ደረሰ ማወቅ ይቻላል። ሴቶችን እየቈጠሩ መገመት ግን ፈጽሞ ሊቀር ይገባል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በብዙ የአገራችን ከተሞች ሱቅ እስከ ማዘጋት የደረሰ ቍጣ እንዳስነሣ አትረሱም። ያን ጊዜ ነጋዴው፣ «ይህን ያህል አልሸጥሁም» ብሎ ለመጮኽ ቻለ። በቅጽ ላይ 5 ተብላ የተጻፈች ሴት ግን ቅሬታ የምታቀርብበት መስኮት የለም።

በሴቲቱ የራሷ ገቢ ላይ የሽያጭ ታክስ መጣሉን እቃወማለሁ። እዚህ ላይ ከምወደው የእኩልነት መርሕ እንደምወጣ አውቃለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ታክሱ ከእርሷ የሚሰበሰበው በተግባር በባለቤቷ በኩል ነው፤ ይህም አንቀጽ 634 ሊቀጣት የሚገባትን ሰው የመንግሥት ታክስ ሰብሳቢ ወኪል ያደርጋታል። በአንድ እጁ የሚከሳትን በሌላው እጁ የሚሾማት መንግሥት ሕጉን ራሱ ያዋርዳል። በስሟ ትመዝገብ ቢባልስ? የጀርመኗ ቦን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 በመንገድ ለሚሠሩት ስም የማይጠይቅ ማሽን ተከለች፤ እንደ መኪና ማቆሚያ ሁሉ 6 ዩሮ ከፍሎ የሌሊት ቲኬት መውሰድ ነበር። ቦን ትልቅ ከተማ ናት። መተማ ላይ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢያዝ ከሳምንት በኋላ ደጋ ያለችው እናቷ ጆሮ ይደርሳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ጽሑፍ አንብበው፣ «እንግዲህ ልትረዳት ብለህ ከዜጎች መዝገብ ሰረዝሃት፤ ግብር ያልከፈለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አቤት ሲል በምን አፉ ይናገራል?» አሉኝ። ብርቱ ነቀፋ ነው፤ አፈርሰዋለሁ ብዬም አልመካም። የምመልሰው ይህን ብቻ ነው፤ ያች ሴት ግብር ስትከፍል ኖራለች። ያጣችው ደረሰኙን ነው።

የዚያን ጊዜ ቃል በገባሁት መሠረት የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ደረሰኝ የሚጻፈው የንግድ ፈቃድ ባለው ሰው ስም ነው» አሉኝ። እንደ ሕጉ ትክክል ነበሩ። ለእርሷ ግን ተመልሼ አልነገርኋትም፤ በማግስቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ተሻገርን፣ የሁለት ወር ውሌም አበቃ።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄያችሁን ልስማ።